ክሊከር ምንድን ነው? ውሻስ በዘንጎች መሃል መሽሎክለክን እንዴት ይማርበታል?

ክሊከር መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ውስጧ ቀጭን ብረት አለ፤ በአውራ ጣት ሲጫኗት «ቀጭ» ትላለች። በቃ፣ ሌላ ሥራ የላትም። ብዙ ሰው እንደ ሪሞት ያስባታል። ግን ውሻ አትጠራም፣ ትዕዛዝም አትሰጥም።

ታዲያ ምን ትጠቅማለች? ውሻው ጥሩ ነገር ሲሠራ እጃችሁን ኪሳችሁ ትሰዳላችሁ። ቁራጭ ሥጋ እስክታወጡ ድረስ እሱ ዞሯል፣ መሬት አሽትቷል፣ ዘሎባችኋል። ጉርሻው ለየትኛው እንደሆነ በምን ይወቅ? «ቀጭ» ማለት «ያቺ፣ አሁን ያደረግካት፤ ደሞዝህ እየመጣ ነው» ማለት ነው።

ድምጿ በራሷ ለውሻ ምኑም አይደለችም። ትርጉም የምታገኘው ጉርሻ ደጋግሞ ሲከተላት ነው። ቀጭ፣ ጉርሻ። ቀጭ፣ ጉርሻ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ ያየው ይህንኑ ነው። ዘዴውን ያስፋፋችው ካረን ፕራየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃዋይ ውስጥ ዶልፊኖች ታሠለጥን ነበር፤ በፊሽካ። አየር ላይ ላለ ዶልፊን ዓሣ ማጉረስ አይቻልማ።

በዘንጎች መሃል ያለ ውሻም ያው ነው። በአጂሊቲ፣ ማለትም ውሻ መሰናክሎችን እያለፈ በሚሮጥበት ውድድር፣ እስከ 12 ዘንጎች በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ መስመር ይተከላሉ። ውሻው የመጀመሪያውን ዘንግ በግራ ትከሻው በኩል አድርጎ ይገባል፤ ከዚያ ግራ ቀኝ እያለ፣ አንድም ክፍተት ሳይስት እስከ መጨረሻው ይሽሎከሎካል። መዝለልና ዋሻ ውስጥ መግባት ለውሻ ጨዋታ ነው። ቀጥ ብሎ መሮጥ እየቻለ መጥመዝመዙ ግን ከየት ይመጣለታል? ከመሰናክሎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ በሁለት ዘንግ ብቻ ይጀመራል። ቁሙና ዝም በሉ። ውሻው ወዲያ ወዲህ ሲል ድንገት በመሃላቸው ያልፋል። ቀጭ! ጉርሻውን ከእጃችሁ አትስጡት፤ ወደፊት፣ በሚሮጥበት አቅጣጫ ወርውሩለት። ከእጅ የለመደ ውሻ ዓይኑ ከእጅ አይነቀልም። ከዚያ ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከጎንም መጥቶ መግቢያውን ራሱ እንዲያገኝ አድርጉ። ይህ ሲገባው አራት፣ ስድስት እያሉ መጨመር ነው።

እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። ውሻዬ መግቢያውን አሳምራ ስታገኝ እኔ ክሊከሯን የምጫነው ትንሽ ዘግይቼ ነበር። ስንት ቢሆን ነው? የዓይን ጥቅሻ ያህል። በዚያች መሃል ግን አንገቷን ወደ እኔ ታዞራለች። በሳምንቱ ምን ታደርግ ጀመር? ትገባለች፣ ቆም ትላለች፣ ታየኛለች። ያስተማርኳት ይህን ነዋ! እሷ ምን ታድርግ።

ሌላም አለ። «ቀጭ» ሥራው አለቀ ማለትም ነው። ስድስት ዘንግ ተክላችሁ ሦስተኛው ላይ ብትጫኑ፣ ውሻው ጥሎ ቢወጣ ልክ ነው። መጀመሪያ መግቢያው ላይ፣ በኋላ ግን ከመጨረሻው ዘንግ ሲወጣ ብቻ። ደሞዙ ደግሞ በስህተት ብትጫኑም ይከፈላል። ቃል ከታጠፈ ድምጿ ዋጋ ታጣለች።

ለቡችላ አትቸኩሉ። አጥንቱ ሳይጠና ወገቡን ደጋግሞ ማጠማዘዝ ይጎዳዋል፤ ዓመት እስኪያልፈው ይቆይ። አንዳንድ ውሻ ደግሞ ከድምጿ ይሸሻል። ያኔ ክሊከሯን ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ ተጫኗት፤ እስክሪብቶ ቀጭ ማድረግም ያው ነው።