የኦዲያ ቋንቋ ሲኒማ

ኦዲያ በምሥራቅ ሕንድ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በምትገኘው የኦዲሻ ግዛት የሚነገር ቋንቋ ነው። ግዛቲቱ ራሷን ችላ የቆመችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1936 ነው። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን የመጀመሪያው የኦዲያ ፊልም «ሲታ ቢባሃ» በፑሪ ከተማ ላክሽሚ ሲኒማ ቤት ታየ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ የሲታ ሠርግ ማለት ሲሆን ታሪኩ ራማያና ከተባለው የሂንዱ ጥንታዊ ረጅም ግጥም የተወሰደ ነው፤ አዘጋጁ ሞሃን ሱንዳር ዴብ ጎስዋሚ ነበር። ወጪው 29,781 ሩፒ ከ10 አና (አና የሩፒ አሥራ ስድስተኛ ነው) እንደነበረ ይነገራል። ሙሽራውን ራማን የተጫወተው ማካንላል ባነርጂ 120፣ ሲታን የተጫወተችው ፕራባቲ ዴቢ 150 ሩፒ ተከፈላቸው። የሴት ተዋናይ ክፍያ ከወንዱ መብለጡ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ሁለተኛው ፊልም «ላሊታ» የወጣው ግን ከ13 ዓመት በኋላ በ1949 ነው። በመሃል የዓለም ጦርነት ነበር፤ ጥሬ ፊልምም እንደልብ አይገኝም ነበር። ከዚህ የከፋው ማነቆ በግዛቲቱ ስቱዲዮም የፊልም ማጠቢያ ቤትም አለመኖሩ ነው። ሥራው ወደ ካልካታ (የዛሬዋ ኮልካታ) ወይም ወደ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ይላክ ነበር። 1,000 ጫማ የ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚያስኬደው 11 ደቂቃ ብቻ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም 10,800 ጫማ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ትዕይንት አራት አራት ጊዜ ከተቀረጸ ደግሞ 43,000 ጫማ ያልፋል። ምስሉ መደብዘዙ ወይም ብርሃን መግባቱ የሚታወቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲመለስ ነው፤ ያኔ ተዋንያኑ ተበትነዋል። ገንዘብ ያጠረው ፕሮዲዩሰር እንደገና መቅረጽ ስለማይችል እንከኑ ሲኒማ ቤት ድረስ ይሄዳል።

በ1960 የወጣው «ሽሪ ሎኬናት» ከኦዲያ ፊልሞች የብሔራዊ ሽልማት የመጀመሪያው ተቀባይ ሆነ። በ1966 ቤንጋላዊው የፊልም አዘጋጅ ምሪናል ሴን «ማቲራ ማኒሻ»ን በኦዲያ ሠራ። በ1976 የግዛቲቱ የፊልም ልማት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ባለቀለም የኦዲያ ፊልም «ጋፓ ሄሌ ቢ ሳታ»ም የዚያው ዓመት ሥራ ነው። በኋላ በግዛቲቱ ዋና ከተማ በቡባነሽዋር ካሊንጋ ስቱዲዮ ሲከፈት የካልካታው መንገድ ትንሽ ቀለለ።

ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት የኒራድ ሞሃፓትራ «ማያ ሚሪጋ» (1984) ነው። በአንድ ቤት አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ልጆቹ ተምረው ሲወጡ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚላላ ያሳያል፤ ጩኸት የለበትም። የተቀረጸው በ16 ሚሊሜትር ነው። ይህ ስፋት በደቂቃ 36 ጫማ ብቻ ስለሚፈጅ ርካሽ ነው፤ ለሲኒማ ቤት ወደ 35 ሲሰፋ ግን የምስሉ ቅንጣት ይጎላል። ፊልሙ ዳግም ታድሶ በ2024 በጣሊያን ቦሎኛ ታየ። ሌሎች ብዙ ሥራዎች ይህን ዕድል አላገኙም። በሙቀትና በእርጥበት የተቀመጠ የአሴቴት (የፕላስቲክ ዓይነት) ፊልም ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፣ ይሸበሸባል፣ ያጥራል፤ አንዴ ከጀመረ አይመለስም። ማዘግየት የሚቻለው በቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል በማስቀመጥ ነው፤ የኦዲሻ ባሕር ዳርቻ አየር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከ2000 ወዲህ ገበያውን የያዙት በአብዛኛው ቴሉጉና ቤንጋሊ በተባሉት ሌሎች የሕንድ ቋንቋዎች ከተሠሩ ፊልሞች የተገለበጡ ታሪኮች ናቸው። ጎን ለጎን ግን የምዕራብ ኦዲሻን የሳምባልፑሪ አነጋገር ወደ ሸራው ያመጣው «ሳላ ቡዳ» እና ባሕር እየዋጠው ስላለው መንደር የሚናገረው የኒላ ማዳብ ፓንዳ «ካሊራ አቲታ» ወጥተዋል።