ከሕዝብ ተወካይ የምንጠብቀውና ሥራው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ስንነጋገር ደጋግሜ የማስተውለው አንድ ችግር አለ። በሥልጣናቸው ውስጥ የሌለውን ጉዳይ አጥብቀን እንጠይቃቸዋለን፤ ሕገ መንግሥቱ በቀጥታ በእጃቸው ያስቀመጠውን ግን ሳንጠይቃቸው የሥራ ዘመናቸው ያልቃል። ከዚህ በታች ያሉት አመለካከቶች ሁሉ ከዚህ መዛነፍ ጋር የተያያዙ ናቸው። ማስተካከያዎቹም በዋናነት የተወሰዱት ከ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው።

«የመረጥነው መንገድና ውኃ እንዲያስገባልን ነው»

በጣም የተስፋፋው ይህ ነው፤ ለተስፋ መቁረጥ የሚዳርገውም ይኸው ይመስለኛል። የምክር ቤት አባል የሚያዘው በጀት፣ የሚልከው መሐንዲስ፣ የሚያዘው ጽሕፈት ቤት የለውም። የወረዳን ወይም የዞንን ኃላፊ «ይህን ሥራ» ብሎ ሊያዝዝ አይችልም፤ ምክንያቱም የክልልና የወረዳ አስተዳደሮች ተጠሪነታቸው ለየራሳቸው ምክር ቤቶች እንጂ ለፌዴራሉ ምክር ቤት አይደለም። መንገድን እንኳ ብንወስድ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት የሰጠው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን ነው። በቀበሌዎች መካከል የሚዘረጋው የገጠር መንገድ በአብዛኛው የክልሉና የወረዳው ጉዳይ ነው። ስለዚህ ክልልን ከክልል የሚያገናኝ መንገድ ግንባታ ለዓመታት ሲጓተት ተወካዩን «የሚመለከተውን ሚኒስትር ጠይቀሃል ወይ? ምን መልስ አገኘህ?» ብሎ መያዝ ተገቢ ነው። የቀበሌ መንገድ ሲበላሽ ግን ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለወረዳው ወይም ለክልሉ ምክር ቤት ተመራጭ ነው። ብዙዎቻችን የእነዚህን ተመራጮች ስም እንኳ አናውቅም፤ ይህም በራሱ መታረም ያለበት ክፍተት ነው።

ይህ ማለት ግን የፌዴራሉ ተወካይ ለልማት ጥያቄ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። የፌዴራሉን መንግሥት በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምርና የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 ቀን ስለሚያበቃ፣ የበጀት ክርክሩ በየዓመቱ የሥራ ዘመኑ ማብቂያ ላይ ይወድቃል። አንድ ተወካይ ለመራጮቹ የሚበጅ ነገር መናገር ከፈለገ ከእነዚህ ሳምንታት የተሻለ ጊዜ የለውም፤ እኛም ተወካያችን በዚያን ጊዜ ምን እንደተናገረ የመከታተል ልማድ ቢኖረን ብዙ ነገር እንረዳ ነበር።

«ሥራቸው እጅ ማውጣት ብቻ ነው»

በቴሌቪዥን የሚታየው መደበኛ ስብሰባ ስለሆነ፣ ሥራው ሁሉ እዚያ የሚያልቅ ይመስላል። ረቂቅ አዋጅ ግን ለምክር ቤቱ እንደቀረበ ወዲያው አይጸድቅም። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ከማብራሪያው ጋር ቀርቦ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምረዋል፤ ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ወገኖች በአስተያየት መስጫ መድረክ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል። የአንድ ቃል መለወጥ፣ የአንድ ቅጣት መቀነስ ወይም የአንድ ግዴታ መነሣት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ነው። ሕጉ የሚነካው ነጋዴ፣ መምህር ወይም አርሶ አደር ሐሳቡን ማሰማት ያለበትም ረቂቁ ኮሚቴው ዘንድ ባለበት ጊዜ ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት የሚቀርብ አቤቱታ ዘግይቷል።

በሌላ በኩል፣ እጅ ማውጣቱንም አቅልሎ ማየት አይገባም። በአንቀጽ 58 መሠረት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሆኑት ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል፤ ውሳኔም በአንቀጽ 59 መሠረት በሌላ ሁኔታ ካልተደነገገ በስተቀር በአብላጫ ድምፅ ያልፋል። የምርጫ ክልሎቹ 547 ናቸው። መቀመጫዎቹ ሁሉ ቢሞሉና 274 አባላት ብቻ ተገኝተው ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ፣ 138 ድምፅ አንድን አዋጅ ለማጽደቅ ይበቃል ማለት ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከስብሰባ የሚቀር ተወካይ የወከለውን ሕዝብ ድምፅ ይዞ የቀረ መሆኑን ይህ ስሌት በግልጽ ያሳያል። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውም ዜና በስብሰባው ላይ ስለነበሩት አባላት እንጂ ስለ አባላቱ ሁሉ የሚናገር አይደለም።

«ተወካዩ በገጹ ላይ ከጻፈው ሕጉ ወጥቷል»

በዚህ ዘመን ብዙ አባላት በፌስቡክና በቴሌግራም ከሕዝብ ጋር ይገናኛሉ። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በአንድ አባል ገጽ ላይ የወጣ ጽሑፍ የአባሉ ሐሳብ እንጂ የምክር ቤቱ ውሳኔ አይደለም። «የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቁን መርቶታል» ማለት፣ «ምክር ቤቱ ለቋሚ ኮሚቴ መርቶታል» ማለት እና «ምክር ቤቱ አጽድቆታል» ማለት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በማኅበራዊ ገጾች ግን ሦስቱም «አዲስ ሕግ ወጣ» እየተባሉ ይሰራጫሉ፤ ሰዎችም ገና ያልጸደቀ ድንጋጌ ፈርተው ንብረት ይሸጣሉ፣ ውል ያፈርሳሉ።

ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለፊርማ ይቀርባል። እዚህም ላይ ተጨማሪ ስህተት አለ፦ ፕሬዚዳንቱ ካልፈረሙ ሕጉ የሚቀር ይመስለናል። በአንቀጽ 57 መሠረት ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። ከዚያም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ስለዚህ የአንድን ሕግ ይዘት ማረጋገጥ የፈለገ ሰው የመጨረሻው ማስረጃው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የተወካዩ ማብራሪያ ለመረዳት ሊያግዝ ይችላል እንጂ የሕጉን ጽሑፍ አይተካም። ኃላፊነት የሚሰማው ተወካይ ደግሞ በሚጽፈው ነገር ላይ ረቂቁ የቱ ደረጃ ላይ እንዳለ፣ የሚናገረውም የግል አቋሙን፣ የፓርቲውን ወይም የምክር ቤቱን ውሳኔ መሆኑን ለይቶ መግለጽ አለበት። ይህን መጠየቅ መብታችን ነው።

አዋጅን፣ ደንብንና መመሪያን አለመለየትም ተመሳሳይ ግራ መጋባት ይፈጥራል። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል፤ መመሪያ ደግሞ በሕግ ሥልጣን በተሰጠው መሥሪያ ቤት ይወጣል። በዕለት ኑሯችን የሚያስመርረን ብዙ ጊዜ መመሪያው ነው፤ ተወካዩ ደግሞ ለመመሪያው ድምፅ አልሰጠም። ያም ሆኖ ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ መመሪያው ከአዋጁ ወሰን አልፎ ከሆነ፣ አስፈጻሚውን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ ነውና።

«ያለመከሰስ መብት አላቸው፤ ሕግ አይነካቸውም»

አንቀጽ 54 ሁለት የተለያዩ ጥበቃዎችን ይዟል። የመጀመሪያው አባሉ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት አይከሰስም፣ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም የሚለው ነው። ይህ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ባለሥልጣንን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ተወካይ ለማግኘት ያስቸግር ነበር። ጥበቃው የተሰጠው ግን ለስብሰባው ንግግር ነው፤ በአደባባይ ወይም በማኅበራዊ ገጽ ላይ የተነገረ ነገር በዚህ ሥር አይወድቅም። ሁለተኛው ደግሞ አባሉ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝና በወንጀል እንደማይከሰስ ይደነግጋል። ይህ ክሱን የሚሰርዝ ሳይሆን የምክር ቤቱን ፈቃድ በቅድመ ሁኔታነት የሚጠይቅ ነው፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብቱን ካነሣ አባሉ እንደማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«ተጠሪነቱ ለፓርቲው ነው» ወይም «ለመረጡት ብቻ ነው»

ሁለቱም ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማሙም። አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው። ፓርቲ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በተግባር የፓርቲ ዲሲፕሊን ከባድ ክብደት እንዳለው የማይታበል ነው፤ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ መንግሥት በሚመሠርትበት ሥርዓት የአንድ ፓርቲ አባላት አብረው ድምፅ መስጠታቸውም የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን «ፓርቲዬ ስላዘዘኝ ነው» የሚለው መልስ በሕገ መንግሥቱ ፊት በቂ አይደለም፤ ለምን እንደደገፈ ወይም እንደተቃወመ በራሱ አንደበት ማስረዳት ይጠበቅበታል።

«ቁጥጥር ማለት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚጠየቁበት ዕለት ነው»

ያ ዕለት የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ስለሆነ ሌላውን ይጋርደዋል። በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁም ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ይወያያል። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ነው። ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው፤ ያልተወራረደ ገንዘብና ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ክፍያ በስም ተለይቶ የሚታየውም እዚያ ነው። ሪፖርቱ ከተሰማ በኋላ የሚመለከተው ኮሚቴ በየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ላይ ምን ተከታታይ ጥያቄ አቀረበ የሚለው፣ የምክር ቤቱን ጥንካሬ ከማናቸውም ንግግር በላይ ይለካል።

«ፓርላማ» በሚለው ስም ሁለቱን ምክር ቤቶች ማደባለቅም ይታያል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አይደለም። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ያለው ሰው ለምርጫ ክልሉ ተወካይ ደብዳቤ ቢጽፍ የሚያገኘው ቢበዛ የአቅጣጫ ምክር ነው።

«ወደ መራጮች የሚመጡት ሪፖርት ሊያነቡልን ነው»

ምክር ቤቱ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ድረስ በዕረፍት ላይ ነው። በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። ስብሰባ በማይኖርበት ጊዜ አባላት ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው መራጮቻቸውን ያነጋግራሉ፤ ስለዚህ ያ ጊዜ በሙሉ የመዝናኛ ጊዜ ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ መድረኩ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ነው፤ ተወካዩ ይናገራል፣ ተሰብሳቢው የመንገድና የመብራት ጥያቄ ያቀርባል፣ ተወካዩ «ለሚመለከተው አካል አደርሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። በአንቀጽ 12 እና 54 መሠረት ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ በሕግ በተወሰነው መሠረት ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ስናስታውስ፣ መድረኩ ከዚህ የበለጠ ክብደት ሊኖረው እንደሚገባ ግልጽ ነው። የትኛው ቋሚ ኮሚቴ አባል እንደሆነ፣ በዓመቱ ከጸደቁት አዋጆች የትኛውን እንደደገፈና የትኛውን እንደተቃወመ፣ በየትኛው ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገ፣ ባለፈው ስብሰባ የተሰጠውን አደራ ለየትኛው ሚኒስትር በየትኛው ቀን እንዳቀረበና ምን መልስ እንዳገኘ ከመራጮች አንዱ ተነሥቶ ሊጠይቀው ይችላል። የሚጠይቀው ሰው መልሱን በማስታወሻው ጽፎ ቢይዝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተወካዩ ሲመጣ ጥያቄውን ካቆመበት ይቀጥላል።