ኤችኤልኤ ከቆዳ ካንሰር ጋር ምን አገናኘው?

«ኤችኤልኤ» የሚለውን በምርመራ ወረቀት ላይ ያየ ሰው የካንሰር ዘረመል የተገኘበት ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ሁላችንም ያለን፣ 6ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኙ የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች መጠሪያ ነው። የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ሴሉ ውስጥ ከተሰባበረ ፕሮቲን ቁራጭ ይዘው ወደ ሴሉ ገጽ ያወጣሉ። ቲ ሴል የተባለው የበሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴል መጥቶ ይፈትሸዋል፤ ፀሐይ ካበላሸው ዘረመል የመጣ ባዕድ ቁራጭ ከሆነ ሴሉን ይገድለዋል።

የማን ኤችኤልኤ የትኛውን ቁራጭ እንደሚይዝ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ተጋላጭነታችን የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው (የፀሐይ ጨረርና የቆዳ ቀለም ድርሻ ሳይዘነጋ)። ከታመሙ በኋላስ? ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ዓይነት ተንኮለኛ ነው፤ አንዳንዴ ኤችኤልኤውን አጥፍቶ ይደበቃል። ያኔ በ2018 ኖቤል ካሸለመው ግኝት የተወለዱት፣ የቲ ሴልን ልጓም የሚፈቱት መድኃኒቶች እንኳ ላይሠሩ ይችላሉ።