ካርቡራቶር ማስተካከል ምንድን ነው?

«ማርሚታ ቀየርኩ፣ ካርቡራቶሩንም አስተካከልኩ።» ደሴ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ከሚነዱ ሰዎች በየጊዜው የምሰማው ነው። ማርሚታ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ነው፤ ካርቡራቶር ደግሞ ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጠው። ባለሞተሩን ምን አድርገህ አስተካከልክ ስትሉት መልሱ አንድ ነው። ከጎን ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ አዞርኩ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ሰከነ። ይህ ካርቡራቶር ማስተካከል አይደለም። የሥራው ትንሿ ክፍል ናት፤ እሷም የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ያቺ ብሎን የምትገዛው ሞተሩ በእጅ የሚጠመዘዘው ጋዝ ሳይነካ ቆሞ ሲሠራና ጋዙ ገና ሲነካ ብቻ ነው። ጋዙ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ሲከፈት ቤንዚኑን የምትወስነው ከጋዙ ጋር ከፍ ዝቅ የምትለው መርፌ ናት። ከዚያ በላይ፣ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ፣ ሥራው የትልቁ ጄት ነው። ጄት ቤንዚን የሚያልፍባት፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን ናት፤ ትልቁ ለሙሉ ጋዝ፣ ትንሹ ቆሞ ለሚሠራበት ነው።

ቆቦ ላይ መስኖ ያጠጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ቦይ ሦስት መክፈቻ አለው እንበል። አንዱ የላዩን ማሳ ያጠጣል፣ አንዱ የመሃሉን፣ አንዱ የታቹን። የላይኛውን ብቻ አስፍቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው የታቹ ማሽላ ቢደርቅበት ማንን ይወቅሳል? ደግሞም ዋናው ቦይ ውኃው ካነሰ ሦስቱንም ብታሰፉ ዋጋ የለውም። በካርቡራቶር ይህ ከሥሩ ባለው ሳህን ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ ነው፤ ተንሳፋፊዋ ናት የምትወስነው። መክፈቻው በደለል ከተዘጋም ያው ነው። ስለዚህ ጄት ከመቀየር በፊት ማጠብ ይቀድማል። ቀዳዳዎቹ በአየር ይነፉ እንጂ በሽቦ አይጎርጎሩ። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋል። ከዚያ በኋላ ጄቷ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ማርሚታ ሲቀየር ቤንዚኑ ለምን ይነካል? ጭሱ መውጣት ከቀለለው ሲሊንደሩ የተሻለ ይጸዳል፣ የሚገባው አየርም ይጨምራል። ቤንዚኑ አብሮ ካልጨመረ ድብልቁ ይሳሳል። 1 ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ግን አየሩ ወደ 13 ኪሎ ዝቅ ማለት አለበት። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግላል። ሲብስ ፒስቶን ይበሳል። ድምፁ ስለጮኸ ብቻ ደግሞ ጉልበት ጨመረ ማለት አይደለም፤ የማርሚታውን ሆድ አውጥተው የሚነዱ ልጆች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

«ማርሚታ ከቀየራችሁ ጄቱን ሁለት ቁጥር ጨምሩ፣ አለቀ» እያለ የሚመክር ሰው አለ። የኔ ወንድም፣ የት ሆኖ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለቆላ ተብሎ ከፋብሪካ የመጣ ጄት ደሴ ላይ ከመነሻውም ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ማርሚታ ብቻ የተቀየረበት ሞተር ጄቱ ሳይነካ ደህና ሊሄድ ይችላል። ሁለት ቁጥር ጨምሩበትና ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ሲወጣ ይታፈናል።

ያው ሞተር ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ይወፍራል። ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ሲወርድ ደግሞ ይብሳል። ደሴ ላይ ልክ የነበረው ድብልቅ እዚያ ይሳሳል። አሁን ኋላ ሰው፣ ጎንና ጎን ጭነት አድርጎ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ጋዙን ጠምዝዞ የሚወጣውን አስቡት። ሙቀት አለ፣ ጭነት አለ፣ ቤንዚን የሚሰጠው ትልቁ ጄት ብቻ ነው። ደሴ ቆሞ የተዞረች ብሎን እዚህ አትደርስለትም። ስለዚህ ጄት የሚመረጠው አዘውትራችሁ በምትሄዱበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ትንሽ ቢበዛ ሞተሩን አይገድለውም።

ሌላም አለ። ሐረጎን ሲወርዱ፣ ጋዝ ተዘግቶ፣ ማርሚታው ጧ ጧ ካለ ብዙ ሰው ትልቁን ጄት ለመቀየር ይሮጣል። ጋዝ ተዘግቶ ትልቁ ጄት ምን አገባው? መጀመሪያ ማርሚታው ከቱቦው የሚገናኝበትን እዩ። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ካረጀ ከውጭ አየር ይስባል፣ ያልተቃጠለውም ቱቦው ውስጥ ይተኩሳል። እሱ ደህና ከሆነ ነው ትንሹን ጄትና ብሎኗን የምትነኩት።

ትልቁ ጄት የሚፈተነው በካንዴላ ነው። አዲስ ካንዴላ ግጠሙ፤ አሮጌው የቆየ ቀለሙን ነው የሚያሳያችሁ። ሞተሩ ይሙቅ። ሰውና ከብት በሌለበት ዳገት ጋዙን ሙሉ ከፍታችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዛችሁ እዚያው አጥፉትና ካንዴላውን ፍቱ። ነጭ ከሆነ ሳስቷል። ጥላሸት ከለበሰ በዝቷል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ አትንኩት። ቀጥሎ መርፌዋ ናት። አናቷ ላይ ያለችው ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ታች ስትወርድ መርፌዋ ወደ ላይ ከፍ ትላለች፣ ቤንዚን ይጨምራል። ይህን ገልብጦ የሚሠራ ብዙ ነው። ብሎኗ ከሁሉም በኋላ።

ጄት ስትገዙ የካርቡራቶሩን ስም ይዛችሁ ሂዱ። የሚኩኒ 100 እና የኬሂን 100 እኩል አይደሉም፤ አለካካቸው ይለያያል።

ይህ ሁሉ ባለ አራት ስትሮክ (በአራት የፒስቶን ምት አንዴ የሚያቃጥሉ) ለሆኑት ነው። ገጠር ለገጠር ስትሠራ የኖረችው የድሮዋ ያማሃ ዲቲ 125 ባለ ሁለት ስትሮክ ናት። የእሷ ጭስ ማውጫ ሆዱ የሰፋው ለጌጥ አይደለም። የግፊቱን ሞገድ መልሶ ልኮ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ያንን ሆድ ቆርጦ ባለ አራት ስትሮክ የሆነውን የቦክሰር ሞተር ማርሚታ የበየደባት ሰው ጉልበቷን ነው የቆረጠው። የፈለገውን ጄት ቢቀያይር አይመልሰውም፤ የራሷን ጭስ ማውጫ ፈልጎ ይግጠምላት።