የሐሰት ማንቂያ ምንድን ነው? መኪናው «ደክሞሃል» ሲል ሾፌሩ ግን ነቅቶ ሲነዳ

ታኅሣሥ ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ከቱሉ ዲምቱ ገብተን በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወደ ቢሾፍቱ እየሄድን ነበር። እናቴ ከኋላ ተቀምጣለች። መንገዱ ጭር ብሏል። ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ዐይን ውስጥ ትገባለች። ፍጥነቱን የሚጠብቀውን ክሩዝ 90 ላይ አድርጌ፣ መኪናው ራሱ መስመሩን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጭኜ፣ እጄን መሪው ላይ ቀለል አድርጌ አሳርፌያለሁ። ዐይኔ መንገዱ ላይ ነው።

ድንገት መኪናው ጮኸ። ዳሽቦርዱ ላይ የቡና ሲኒ ምስል በራ። ቀጥሎ አንዲት ሴት በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ደክሞሃል፣ ዕረፍት አድርግ ነው የምትለኝ፣ እማዬ።»

«ደክሞህ ነው እንዴ? ታዲያ ጥግ ይዘህ ቁም እንጂ!»

አልደከመኝም ነበር። ማታ በጊዜ ተኝቻለሁ። ቢሾፍቱ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ደግማ ጮኸች። እናቴ ከዚያ በኋላ መንገዱን ትታ እኔን ነበር በመስታወቱ የምታየው። ስንመለስ ማንቂያውን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ምክንያቱም ያጠፋሁት የሚረብሸኝን ድምፅ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን በእርግጥ ዐይኔ ሲከደን የሚቀሰቅሰኝንም አብሬ አጠፋሁት።

የሆነው ነገር የሐሰት ማንቂያ ይባላል። ማሽኑ «ሾፌሩ ልቡ መንገዱ ላይ የለም» ብሎ ሲያስጠነቅቅ፣ ሾፌሩ ግን በደንብ እያየ እየነዳ ከሆነ፣ ማንቂያው የሐሰት ነው። ተቃራኒውም አለ። ሾፌሩ በእርግጥ እያንጎላጀ ማሽኑ ዝም ሲል ያመለጠ ማንቂያ ይሆናል። ሁለቱ እንደ ሚዛን ናቸው። አንዱን ስትጫኑት ሌላው ከፍ ይላል። ዐይን ስንት ሰከንድ ሲከደን ነው «ተኛ» የሚባለው? ፊት ስንት ሰከንድ ወደ ጎን ሲዞር ነው «ዘነጋ» የሚባለው? ቁጥሩን አጥብቀው ካስቀመጡት ማሽኑ ነጋ ጠባ ይጮኻል። ልል ካደረጉት ደግሞ የተኛውን ሰው ያልፈዋል። የመኪና ሠሪዎች የሐሰት ማንቂያን ጨርሰው ማጥፋት ያልቻሉት ለዚህ ነው።

ለመሆኑ መኪና ሾፌሩን ማየት ለምን አስፈለገው?

በፊት አያስፈልገውም ነበር። የደከመ ሾፌር በመሪው ይታወቃል። ትንሽ ዝም ይላል፣ መኪናው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዚያ ደንግጦ በኃይል ይመልሰዋል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ይህን የመሪ አያያዝ እያነበበ ነበር። የቡና ሲኒዋም ምስል ከዚያ ዘመን ነው የለመድናት። (ቡናን የንቃት ምልክት ማድረጋቸው እኛን የቡናዋን አገር ሰዎች ደስ ሊያሰኘን ይገባል።) ከዚያ መኪናው ራሱ መስመር መጠበቅ ጀመረ። መሪውን የሚያዞረው ማሽን ከሆነ፣ የመሪው እንቅስቃሴ ስለ ሾፌሩ ምንም አይናገርም። ሰውየው ቢተኛም መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ «እጅህ መሪው ላይ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ መጣ። አንዳንዱ መኪና መሪው ላይ የሚያርፈውን ትንሽ ግፊት ይለካል። አንዳንዱ መሪው ቆዳ ሥር በተዘረጋ ሴንሰር የእጅን መንካት ያውቃል። ሰዎች ግን ይህንንም ማታለል ለመዱ። መሪው ላይ ክብደት የሚያንጠለጥሉ ሁሉ ተገኙ።

እጅን ከመሪ አንስቶ መንዳት ሲፈቀድ ደግሞ እጅን መለካት ትርጉም አጣ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2017 ሱፐር ክሩዝ የሚባለውን የመንዳት ረዳት ሲያወጣ፣ ፎርድም በ2021 ብሉክሩዝ የሚባለውን ሲያስከትል፣ ሁለቱም በካሜራ ላይ ተመሠረቱ። እጅህን ማንሳት ትችላለህ፣ ዐይንህን ግን አትችልም ነው ነገሩ። ቴስላ ለረጅም ጊዜ በዋናነት የመሪ ግፊትን ይዞ ከቆየ በኋላ በ2021 የውስጥ ካሜራውን ለዚሁ ሥራ አዋለው። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ የሾፌር ቁጥጥሩ በቂ አይደለም ተብሎ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ መኪኖቹ የሶፍትዌር ማስተካከያ ለማድረግ ተገደደ። ማንቂያው እንዲጠነክር ማለት ነው። መንግሥታት የሚፈሩት ያመለጠውን ማንቂያ ነው። የሐሰቱን የሚሸከመው ሾፌሩ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እነዚህ ሁሉ የሾፌር ረዳቶች ናቸው። ኃላፊው አሁንም መሪው ፊት የተቀመጠው ሰው ነው። እጅ የሚያስነሱት ሱፐር ክሩዝና ብሉክሩዝ የሚሠሩትም አስቀድሞ ካርታቸው በዝርዝር በተሠራ መንገዶች ላይ ብቻ ነው። የአዲስ–አዳማ መንገድ ከነዚያ ውስጥ አይደለም። ካሜራው ግን እዚህ ደርሷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ይህንን ዐይን ይዘው ነው የመጡት። ብዙዎቻችን መኖሩን የምናውቀው ሲጮህብን ነው።

ካሜራዋ ትንሽ ናት። ከመሪው ኋላ ወይም በፊት መስታወቱ ጥግ ባለው ምሰሶ ላይ ትቀመጣለች። ለሰው ዐይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ፊታችን ትረጫለች፣ ተመልሶ የሚመጣውን ታነባለች። በዚህ ምክንያት ማታም ታያለች። ሶፍትዌሩ ፊት ላይ የዐይን ጥግን፣ አፍንጫን፣ አፍን ፈልጎ ነጥብ ያደርጋል። ከነጥቦቹ ፊቱ ወዴት እንደዞረ፣ ዐይኑ ወዴት እንደሚያይ፣ የዐይን ቆቡ ምን ያህል እንደወረደ ያሰላል። ድካምን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የዐይን ቆብ ብሌንን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሸፍኖ የቆየበት ጊዜ ምን ያህል ነው የሚል ነው።

አሁን የታኅሣሡን ጠዋት አስቡት። ፀሐይ ፊት ለፊት። እኔ ዐይኔን አጥብቤ ነው የማየው። ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው። ለካሜራው ግን የጠበበ ዐይን የወረደ ቆብ ነው። የወረደ ቆብ ደግሞ እንቅልፍ ነው። እኔ ይበልጥ ለማየት ባደረግኩት ነገር ነው ማሽኑ «አላየህም» ያለኝ።

የፀሐይ መነጽር ብታደርጉስ? አንዳንዱ መነጽር ኢንፍራሬዱንም ያግደዋል። ለካሜራው ዐይናችሁ ጥቁር ጉድጓድ ይሆንበታል። ወደ ፊት የወጣ ኮፍያ ጥላ ይጥላል። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ያወረደች ሴት፣ ጋቢ ተከናንቦ ማለዳ የወጣ አባት፣ ፊታቸው በከፊል ይሰወራል። መሪውን ከላይ በአንድ እጅ መያዝ የሚወድ ሰው ክንዱ ካሜራውን ይጋርደዋል። መሪውን በጣም ዝቅ አድርጎ የሚነዳም እንዲሁ። በተፈጥሮ ዐይኑ ጠበብ ያለ ሰው ደግሞ ምንም ሳያደርግ ይከሰሳል። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ሾፌር መኪናው «እያንቀላፋህ ነው» እያለ ለአነዳዱ ከሚሰጠው ነጥብ እንደቀነሰበት ተናግሮ ብዙ ሰው ተነጋግሮበታል። ዐይኑ ትንሽ ነው፣ ሌላ ጥፋት የለበትም። ይህ ያሳዝነኛል። ማሽኑ የተማረበት ፊት የሁላችንን ፊት ካልያዘ፣ ስሕተቱ አንዳንዱ ሰው ላይ ብቻ እየደጋገመ ይወድቃል።

መሪን በሚለኩት መኪኖችም የራሳችን ጣጣ አለ። አዲስ መኪና እንደገዛን መጀመሪያ የምንሮጠው መሪ ልናለብስ ነው። በንክኪ የሚሠራው ሴንሰር ከወፍራም ሽፋን ሥር እጅ ላያገኝ ይችላል። እጃችሁ መሪው ላይ ሆኖ «መሪውን ያዝ» ከተባላችሁ መጀመሪያ ሽፋኑን አውልቁና ሞክሩ። በግፊት የሚለካው ደግሞ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይሳሳታል። ማዞር ስለማያስፈልግ እጅ ያርፋል፣ ግፊት የለም፣ ማሽኑ ባዶ መሪ ነው ብሎ ያስባል።

ከሁሉም የበለጠ የማስብበት ግን ሌላ ነው። ካሜራው ትኩረትን አያይም። የሚያየው የፊትን አቅጣጫ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ነው የሚነሳው። ሰፊ፣ የታጠረ፣ እግረኛ የሌለበት መንገድ ላይ ይህ ባብዛኛው ያስኬዳል። ከፍጥነት መንገዱ ወጥታችሁ ወደ ኮዬ ፈጬ ስትታጠፉስ? በግራ ሲኖትራክ ይመጣል። በቀኝ ባጃጅ በስፖኪዮ ሥር ሾልኮ ይገባል። ፊት ለፊት ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ ወዲያ ሁለት አህዮች፣ ከአህዮቹ ኋላ ልጅ። እዚህ ቦታ ጥሩ ሾፌር ዐይኑ አንድ ቦታ አያርፍም። ከኮፈኑ ፊት ያለውን አስፋልት ያያል፣ ቀና ይላል፣ ስፖኪዮ ያያል፣ ዞሮ ያያል። ጉድጓድ የሚሸሽ ዐይን ወደ ታች ያጋደለ ነው። ለካሜራው ጭኑ ላይ ስልክ ከሚያይ ዐይን ብዙ አይለይም። በአንጻሩ ፊቱን ቀጥ አድርጎ፣ ልቡ ግን የባንክ ዕዳው ላይ የሆነ ሰው ምንም አይባልም። ለማሽኑ እሱ ጎበዝ ሾፌር ነው።

ማሽኑ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ስልክ ማየት 55 ሜትር ያህል ሳያዩ መንዳት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዝንጋታ ማንቂያን ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ ሲያደርግ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ዐይን ለ3.5 ሰከንድ ያህል ወደ ታች ከቀረ ማንቂያው እንዲሰማ ደንግጓል። ከዚያ ባነሰ ፍጥነት እስከ 6 ሰከንድ ይታገሣል። ቁጥሩ ትርጉም አለው። በ100 ፍጥነት 3.5 ሰከንድ የኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል ነው።

ታዲያ የሐሰት ማንቂያ ጉዳቱ መረበሹ ብቻ ነው? አይደለም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲመታ ግቢው ውስጥ የቆሙት መኪኖች አላርም አንድ ላይ ይጮኻል። የመጀመሪያው ሰሞን ሰው በመስኮት ብቅ ይል ነበር። አሁን ዘበኛውም ቀና አይልም። አንድ ሌሊት ሌባ የጎረቤቴን መኪና መስታወት ሰብሮ ዕቃ ወሰደ። አላርሙ ጮኋል። ሁላችንም ሰምተናል። ማንም አልወጣም።

ሾፌርም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። ማሽኑ በየ10 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ይፈርዳል እንበል። በሰዓት 360 ፍርድ ነው። ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት፣ በየሰዓቱ ሦስት አራት ጊዜ በከንቱ ይጮኻል። ሾፌሩ በእርግጥ የሚያንቀላፋው ምናልባት በወር አንድ ቀን ነው። ስለዚህ 99 በመቶ ትክክል የሆነ ማሽን እንኳ ከሚያሰማው ጩኸት አብዛኛው የሐሰት ይሆናል። ሰውየው እየለመደው ይሄዳል። ከዚያ ያጠፋዋል። ወይም፣ እንዳየሁት፣ ካሜራዋ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል።

እጅ በሚያስነሱት መኪኖች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል። እነሱ በመጮህ ብቻ አያበቁም። መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ድምፅ ወይም የወንበር ንዝረት ይመጣል፣ ሾፌሩ ካልመለሰ መኪናው ፍጥነት እየቀነሰ ፍሬቻ አብርቶ ሊቆም ይችላል። ለተኛ ሰው ይህ ሕይወት ነው። ነቅቶ ለሚነዳ ሰው ግን፣ ከኋላው ተሳቢ እየገሰገሰ፣ መኪናው በራሱ ፍጥነት መቀነስ ሲጀምር አስቡት።

ማድረግ የምንችለው ብዙ ነው፣ አብዛኛውም በነጻ ነው። ካሜራዋን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ የዳርቻችን አቧራ ይሸፍናታል። ወንበርና መሪውን አስተካክላችሁ ፊታችሁ ለካሜራዋ ሙሉ ይሁን። ፀሐይ መከላከያውን አውርዱ። መነጽራችሁን አውልቃችሁና አድርጋችሁ ልዩነቱን ሞክሩ። መኪናውን ስትገዙ ሻጩ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ። ያልገባችሁን ማስጠንቀቂያ ልትታዘዙት አትችሉም። ብዙ መኪኖች ላይ የማንቂያውን ጥብቅነት መቀነስም ይቻላል። ጨርሶ ከማጥፋት በፊት እዚያ ሂዱ። መንደር ለመንደር ስትነዱ ደግሞ መስመር ጠባቂውን ራሱን አጥፉት። እዚያ መሪው የእናንተ ብቻ መሆን አለበት።

እኔ መልሼ አብርቼዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሞጆ ስንሄድ ዱከምን እንዳለፍን አንድ ጊዜ ጮኸ። በዚህ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ፀሐይ ከኋላችን ነበረች፣ መነጽርም አላደረግኩም። እናቴ ከኋላ «አሁንስ?» አለች። ሁለት ሌሊት በደንብ አልተኛሁም ነበር። ጥግ ይዤ ቆምኩ።