«የቁራ መልእክተኛ» ትርጉሙና መነሻው

እናት ልጇን ሽንኩርት ገዝተህ ና ብላ ወደ ሱቅ ትልከዋለች። ድስቱ ተጥዶ ይጠብቃል፤ ልጁ ኳስ ሜዳ ቀርቷል። ሲመሽ ብቅ ሲል «አንተ የቁራ መልእክተኛ!» ትለዋለች። ተልኮ የቀረ፣ መልስ ይዞ መምጣት ሲገባው በሄደበት የዘገየ ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ለታላቅ ሰው ግን ፊት ለፊት አይባልም።

መነሻው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ነው። ኖኅ የውኃውን መጉደል ለማወቅ አስቀድሞ የላከው ቁራን ነበር፤ ቁራው ወጥቶ ቀረ። ጥንብ አግኝቶ ነው ይባላል። ርግብ ግን እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ ተመለሰች። ከሰባት ቀን በኋላ ዳግም ተልካ፣ ማታ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ መጣች።

ታማኝነቷን ሁላችንም እናነሣለን። በዚያው ምዕራፍ ለሦስተኛ ጊዜ ስትለቀቅ እሷም እንዳልተመለሰች የምናስታውስ ግን ጥቂት ነን። እኔ ርግብ የምትመለሰው ለላኪዋ ብላ አይመስለኝም፤ ለማደሪያዋ ብላ ነው። መልእክት የሚላክባት ርግብም እንዲሁ ናት። ወደፈለጉት ቦታ አትላክም። ከቤቷ በቅርጫት ርቃ ትወሰዳለች፣ ወረቀቱ እግሯ ላይ ይታሰራል፣ ስትለቀቅ ወደ ቤቷ ትበራለች። የሮይተርስ ዜና ወኪል መሥራች ሮይተር እ.ኤ.አ. በ1850 የገበያ ዜና ከብራስልስ ወደ ጀርመኗ ከተማ አኸን ያስመጣው በዚህ ዘዴ ነበር።

በማታውቀው አገር ተለቃ አቅጣጫውን በምን ታገኛለች? አንዷ መሪዋ ፀሐይ ናት። ፀሐይ ግን ቀኑን ሙሉ ቦታ ስለምትቀይር ርግቧ ሰዓቱንም በውስጧ መያዝ አለባት። ይህን ለማረጋገጥ ተመራማሪዎች ርግቦችን ጨለማ ቤት አስገብተው በመብራት ንጋትና ምሽታቸውን በ6 ሰዓት አዛቡባቸው። ፀሐይ በወጣበት ቀን ሲለቀቁ ከቤታቸው አቅጣጫ ሩብ ዙር ያህል ስተው በረሩ! ሰማዩ ሲደምንስ? አሜሪካዊው ዊልያም ኪተን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ ጀርባቸው ላይ ማግኔት የተለጠፈባቸው ርግቦች በደመናማ ቀን አቅጣጫ ጠፋባቸው፤ ፀሐይ ስትኖር ግን ማግኔቱ አላሳሳታቸውም። ከምድር መግነጢስ መንገድ የሚያነቡ ይመስላል። በጣሊያን ፒሳ ደግሞ ፍሎሪያኖ ፓፒና ባልደረቦቹ ማሽተት የተሳናቸው ርግቦች ከማያውቁት ቦታ መመለስ እንደሚያቅታቸው አሳዩ፤ ነፋስ የሚያመጣው ሽታም ካርታቸው ነው ማለት ነው። የለመዱት አካባቢ ሲደርሱ ዓይናቸው ይበቃቸዋል፤ በእንግሊዝ ጂፒኤስ (ያሉበትን ቦታ የሚመዘግብ መሣሪያ) የተሸከሙ ርግቦች አውራ ጎዳናውን ተከትለው ሲበሩ ታይተዋል።