የጡት ካንሰር «አጋላጭ ምክንያት» ምንድን ነው?

«በእኛ ዘር እኮ ካንሰር የለም!» አንዲት ሴት የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲነገራት ከቤተሰቡ አንዱ ይህን ማለቱ አይቀርም። በሽታው በዘር ብቻ የሚመጣ የሚመስለን ብዙ ነን። ግን ከ100 ታማሚዎች ከወላጅ በወረሱት የዘረመል ለውጥ ሳቢያ የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው።

አጋላጭ ምክንያት የምንለው በበሽታው የመያዝን ዕድል ከፍ የሚያደርግን ነገር ነው። ያለባት ሁሉ አትታመምም፤ የሌለባትም አትታመምም ብሎ መማል አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከሴትነታቸውና ከዕድሜያቸው በቀር ይህ ነው የሚባል አጋላጭ ምክንያት የለባቸውም። «ምን አጥፍቼ ነው?» ለምትል ሴት ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። ወንዶችም አልፎ አልፎ ይያዛሉ፤ ከ100 ታማሚ አንድ ቢሆኑ ነው።

ቁጥሮቹም ያስደነግጣሉ። አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን «ከ8 ሴት አንዷ» ሲባል ይሰማሉ። ይህ የዕድሜ ልክ ስሌት ነው። እዚያው አሜሪካ 40 ዓመት የሞላት ሴት በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የመያዝ ዕድሏ ከ65 አንድ ገደማ ነው። «በ10 በመቶ ይጨምራል» የሚል ዜና ሲመጣም ረጋ ማለት ነው። በዕድሜ ዘመናቸው ከ100 ሴቶች 13 የሚታመሙ ከሆነ፣ 10 በመቶ ሲጨመር 23 አይሆኑም፤ 14 ገደማ ይሆናሉ። ይህን ሳያስረዱ ርዕስ የሚያስጮሁ ሰዎች ያናድዱኛል።

የብዙዎቹ አጋላጭ ምክንያቶች ክር የሚመዘዘው ኢስትሮጅን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። የወር አበባ ከ12 ዓመት በፊት ከጀመረ ወይም ማረጥ ከ55 ዓመት በኋላ ከመጣ ጡት ለሆርሞኑ የሚጋለጥበት ዘመን ይረዝማል። መውለድና ማጥባት ግን ያግዛሉ። ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ ሲታዩ፣ በድምሩ 12 ወር ማጥባት ዕድሉን በ4.3 በመቶ፣ አንድ ልጅ መውለድ ደግሞ በ7 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አራት ልጅ ሁለት ሁለት ዓመት ያጠቡ እናቶቻችን ጥቅሙን ሳያውቁት ሲያጠራቅሙት ኖረዋል ማለት ነው።

ካረጡ በኋላ ደግሞ ስብ ራሱ ኢስትሮጅን ያመርታል። «ወፈር አልሽ፣ አማረብሽ» የምንለው ሙገሳ እዚህ ላይ አይሠራም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይረዳል። መጠጥን በተመለከተ ጠጅም ሆነ ቢራ፣ ወይንም ሆነ አረቄ ለውጥ የለውም፤ ጥፋቱ የአልኮሉ ነው። በቀን አንድ መጠጥ እንኳ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። ጡት ማስያዣና ዲኦድራንት ካንሰር ያመጣሉ የሚለው ወሬ ግን ማስረጃ የለውም።

ወደ ዘር እንመለስ። «የለም» የሚባለው አንዳንዴ ስሙ ስላልተነሳ ነው። አክስት «ትንሽ አሟት» አርፋለች፤ በምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ከቻላችሁ ትልልቆቹን ጠይቁ፦ ማን ታመመ? በስንት ዓመቷ? አንዱ ጡት ነው ሁለቱም? የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማመንጫ) ካንሰር የያዘው ሰው አለ? የአባት ወገንም አይረሳ፤ ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ዘረመሎች ለውጥ ካላቸው ከአባትም ይወረሳሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች የታመመች ካለች ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ ምርመራው ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችላልና።

በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ሕክምና ጋ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት እብጠቱ መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው፤ «ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ» ይባላል። በጡት ወይም በብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም ካለ፣ ባያምም በዚያው ሳምንት መታየት ነው። ጸበሉን የምትፈልግ ሴት ጎን ለጎን ትጠመቅ። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ግን ይህን የሚለየው ምርመራ ነው።